አየር ሊጠጣ ዓባይ የወረደው አጎቴ

እኔ ሰው ስጠላ ደብቄ አልጠላም። ይህን የወረስኩት ከእናቴ ነው። እናቴ የጠላችውን ሰው ገበያ መሀል ስታገኘው ሰላም አትለው፣ መንገድ አትለቅለት፤ ቆማ ታየዋለች፣ ራሱ ዞሮ እስኪሄድ ድረስ። እኔም የአባቴን ታናሽ ወንድም እንደዚያ ነበር የማየው። በፊቱ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ ያ የአስተዳደግ ጉዳይ ነው። እዚህ ግን «እሱ» ነው የምለው፤ ከዚህ የበለጠ ክብር ከእኔ አያገኝም። የማንንም ስም አልጠራም። የወንዙንም ስም አልናገርም፤ ቀዬአችንም ከብቸና ከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ቀበሌ ነው ከማለት አላልፍም። ለምን እንደሆነ ስጨርስ ይገባችኋል።

አባቴ የሞተው ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። ክረምት ነበር። በቅሎዋ ኮርቻዋ ወደ ሆዷ ዞሮ ለብቻዋ ቤት ገባች። አባቴን ከብዙ ፍለጋ በኋላ ከወንዙ ታች የሾላ ሥር ይዞት አገኙት። ከዚያ በፊት ከዚሁ ከወንድሙ ጋር በአያቴ መሬት ድንበር ተጣልተው ዱላ ተማዝዘው ነበር፤ የአገሩ ሰው ገላገላቸው። ስለዚህ ሬሳው ሲመጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው ያሰበው። «ወንዝ ብቻውን አልወሰደውም» ተባለ።

አውጫጭ ተቀመጠ። አውጫጭ ማለት ጥፋት ተሠርቶ ሠሪው ሲጠፋ፣ የአገሩ ወንድ ሁሉ ከዛፍ ሥር ተሰብስቦ እውነቱ እስኪወጣ ወደ ቤቱ የማይመለስበት ሸንጎ ነው። እያንዳንዱ ይነሳል፣ ያየውን ይናገራል፣ ይምላል። እሱም ተነሳ። «በዚያ ቀን ወንዙ ዳር አልደረስኩም። ደርሼ ከሆነ እንደ ጨው ልሟሟ፣ እንደ ጉም ልብነን» ብሎ ማለ። ሽማግሌዎቹ ተቀበሉት፤ መሐላ ከወጣ በኋላ ማን ምን ይላል? እናቴ ግን ከሴቶቹ መሀል ሆና ታየው ነበር፤ ሲምል ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ እንደነበር ዕድሜ ልኳን ስትናገር ኖራለች።

ታላቅ ወንድሜ ጎረመሰና በሬ ከመግዛቱ በፊት ጠመንጃ ገዛ። ሁላችንም ለምን እንደገዛው እናውቅ ነበር። ያገደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአጎት ደም በጥርጣሬ አይፈስም፣ ቢፈስ ነውሩ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይልና ጠመንጃውን በቅቤ ይወለውላል። አንዲት ቃል፣ ከዚያ ሰው አፍ የምትወጣ አንዲት ቃል፣ ትበቃው ነበር። ወንድሜ ከተኮሰ ደግሞ የአጎቴ ልጆች መልሰው እንደሚተኩሱ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

እኔ ተማርኩ። መጀመሪያ ነርስ ሆንኩ፣ ከዚያ ማደንዘዣ አጠናሁ። ማደንዘዣ የሚያስተምረን ሰው ድርቅ ያለ ነበር፣ ሳቅ አያውቅም። አንድ ቀን ግን የማይረሳኝን ነገር ነገረን። ገና እግር ያላበቀሉ፣ በጅራታቸው የሚዋኙ የእንቁራሪት ልጆችን አልኮል ባለበት ውሃ ውስጥ አድርገው አደነዘዟቸው አለ። ሰመጡ፣ ቢነኳቸውም አይነቃነቁም። ከዚያ ውሃው ላይ ከተራው አየር ከመቶ እጥፍ በላይ የሆነ ጫና ጫኑበት። እነዚያ የደነዘዙት ተነስተው መዋኘት ጀመሩ! መድኃኒቱ የትም አልሄደም፣ እዚያው ውሃው ውስጥ አለ፤ ጫናው ግን ሥራውን ሻረበት። ጫናውን ሲያነሱት ደግሞ ተመልሰው ደነዘዙ።

ያኔ ይሰጥ የነበረው ማብራሪያ፣ ማደንዘዣ የነርቭን ስስ ሽፋን ያሳብጠዋል፣ ከባድ ጫና መልሶ ይጨምቀዋል የሚል ነበር። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም የሚሉም አሉ። ተቃራኒውን ግን እኔ በሥራ የማውቀው ነው፤ እኔ እንደምሠራበት እንደ ሞጣ ባለ ከፍ ያለ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ፣ የሚያስቅ ጋዝ የሚሉት ማደንዘዣ ባሕር ዳርቻ ባለ አገር ያለው ጉልበት የለውም። አየር ይመዝናል። ሰው ግን ክብደቱን ለምዶ ስለሚኖር አያስበውም።

ታናሽ ወንድሜ ልጁን ክርስትና ያነሳ ዕለት ብቸና ተሰበሰብን። እሱም መጣ። የአባት ወንድም ሳይጠራ ክርስትና አይነሳም፤ ቢጠላም ይጠራል። ጠላው ሲደጋገም አንዱ እንግዳ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንች ልጅ፣ ሰው አስተኝተሽ ሚስጥር ታስወጫለሽ አሉ» አለኝ። ሌላው ቀበል አድርጎ የሉማሜውን ሚሊሻ ታሪክ አመጣ፤ እጁ ተሰብሮ ሲታከም መድኃኒቱ ይዞት የጎረቤቱን ሚስት በስሟ እየጠራ አለቀሰ፣ የራሱ ሚስት በር ላይ ቆማ ሰማች። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። «እውነት ነው፣ የሚያስለፈልፍ መድኃኒት አለ» አልኩ። «ግን የሚወጣው ህልም እንጂ ምስክርነት አይደለም። አንድ መነኩሴ 'ዝሆን ገደልኩ' እያሉ ሲፎክሩብን ውለዋል።» ይህን ሁለተኛውን ማንም አልሰማም።

አንድ ሰው አልሳቀም። ጥዋውን በእጁ እንደያዘ፣ «መድኃኒቱ የማይዘው ሰው የለም?» አለኝ። ከስንት ዘመን በኋላ በቀጥታ ያናገረኝ ያኔ ነው። መልስ መንፈግ ነበረብኝ፤ ግን የተማርኩትን ማሳየት ወደድኩና የእንቁራሪቶቹን ነገር ተረኩ። አየር እንደሚመዝን፣ ሞጣ ላይ ቀለል፣ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ከበድ እንደሚል ተናገርኩ።

«ታዲያ በረሃ የከረመን ሰው አይዘውማ!» አለ።

«ኧረ ወዲያ!» አልኩት። «መቶ ዓባይ ቢደራረብ አይበቃም። ደግሞ ክብደቱ እዚያው ነው የሚቀረው፤ ሰው ተሸክሞት ዳገት አይወጣም።» አንገቱን ነቀነቀ። የገባው መሰለኝ። ሰው ግን የሚሰማው የሚያስፈልገውን ነው፤ እሱ በረሃ የምትለዋን ይዞ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አንጀቱ ገፍቶ ብሽሽቱ ላይ ቡአ ወጣበት። ደብቆ ደብቆ ሲብስበት ብቸና ጤና ጣቢያ ሄደ። «ይህ በቀዶ ሕክምና ነው የሚመለስ፣ ሞጣ ሂድ» አሉት። ሞጣ የሚያስተኛው ማን እንደሆነ ጠየቀ። የወንድምህ ልጅ ናት ሲሉት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ቤቱ ተመለሰ። መስቀል ሲያልፍ በሶውን አስጭኖ ከጉንደ ወይን በታች ዓባይ በረሃ፣ አበልጁ ማሽላ ከዘራበት ወረደ። ዝንጀሮ ሊጠብቅ ነው ተባለ። በስተርጅና፣ ቡአ አንጠልጥሎ፣ ዝንጀሮ ጥበቃ! እናቴ ስትሰማ፣ «ሰው እየሸሸ ነው እንጂ ምን ዝንጀሮ አለ» አለች።

የመስከረምና የጥቅምት በረሃ የወባ ነው። ለሚያውቀው እንኳ አይራራም፣ ለደጋ ሰው ደግሞ ምን ይነገራል። ወባው ጣለው፣ ትውከቱ ጠናበት፣ ሲያስመልስ ቡአው ወጥሮ አልመለስ አለ። የአበልጁ ሰዎች በቃሬዛ ተቀባብለው ያንን ዳገት አወጡት፤ ከጉንደ ወይን በመኪና ሞጣ ደረሰ። ጠዋት ሥራ ስገባ በሩ ላይ ያየሁት ልጆቹን ነው። ጎረምሶች ናቸው፤ ሰላም ሊሉኝ ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ እኔ ግን አልፌያቸው ገባሁ።

አንጀቱ ታንቋል። ሐኪሙ ገና ሲነካው፣ «አሁኑኑ፣ ሳይሞት» አለ። ማደንዘዣ የምንሰጠው ሁለት ነበርን፤ ሌላው ዕረፍት ላይ ነው። ሐኪሙን ለብቻው ጠርቼ፣ «ይህ ሰው ዘመዴ ነው፣ እጠላዋለሁ» አልኩት።

«መድኃኒቱን ታዛቢዋለሽ?» አለኝ።

«አላዛባም።»

«እንግዲያስ ጥላቻሽን ከጋቢሽ ጋር ውጭ ሰቅለሽ ግቢ።» ደግ ሰው ነበር፤ ግን ለወሬ ጊዜ የለውም።

ወንድሞቼ ከብቸና ደረሱ። ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ክንፍ አለው። ታላቁ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘኝ። «ዛሬ ይለፈልፋል» አለኝ በቀስታ። «ጋውን ስጭኝና ልግባ። እኔ ልስማው።»

«ይህ አውጫጭ አይደለም፣ ሆስፒታል ነው። አትገባም።»

«እሺ አንቺ ስሚ። አንዲት ቃል እንዳታመልጥሽ። አባትሽ ነው፣ የኔ ብቻ አይደለም!» ዓይኑ ቀልቷል። በኮሪደሩ ወዲያ ማዶ የአጎቴ ልጆች ተቀምጠው ያዩናል። ጠመንጃው ብቸና ነው ያለው፤ ብቸና ግን ሩቅ አገር አይደለም። ክንዴን አስለቅቄ ገባሁ።

አልጋው ላይ ተጋድሟል። ያ ሸንጎ ፊት ደረቱን ነፍቶ የማለ ሰውዬ አጥንት ብቻ ቀርቷል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ሲያየኝ ለመነሳት ሞከረ። «ልጄ» አለኝ። ልጄ! «ወገቤ ላይ ውጊኝ። ወገብ ላይ የሚወጋ አለ አሉ፣ ሰው ነቅቶ የሚቀደድበት። አታስተኝኝ።»

«አይሆንም። የደም ግፊትዎ ወርዷል። ወገብዎን ብወጋ ልብዎ ይቆማል።» እውነቴን ነበር።

ጣራውን አየ። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ግድ የለም። አይዘኝም» አለ። «የበረሃውን አየር በደንብ ስጠጣ ነው የከረምኩ። ያንን የሚጫነውን። መድኃኒትሽ አይዘኝም፣ እወቂው።»

በረሃ ለምን እንደወረደ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወዲያው ተናደድኩ። ንጹሕ ሰው ለምላሱ ብሎ ወባ አፍ ውስጥ ገብቶ አይከርምም። ይህ ሰው ለመደበቅ ሊሞት ተዘጋጅቷል፣ ስለዚህ የሚደበቅ ነገር አለ። ለሌላ ሰው ሰጥቼ ብወጣ በወደድኩ ነበር፤ ሌላ ሰው ግን የለም። መድኃኒቱን በደም ሥሩ ሰጠሁት። አየር የጠጣው ሰውዬ ሁለተኛ ቃል ሳይደግም ተኛ። እንደውም ደካማ ስለነበር ከሌላው ሰው ያነሰ ነው የበቃው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኮሪደር ላይ የተቀመጡትም ሆኑ እሱ ራሱ የማያውቁት ነገር ነው። ሆዱ እንዲያ ለተወጠረ ሰው ማደንዘዣ ሲሰጥ ትውከቱ ወደ ሳንባው እንዳይገባ ቱቦ በአፉ አሳልፈን የአየር ቧንቧው ውስጥ እናስገባለን። ቱቦው በድምፅ መፍጠሪያው መሀል ነው የሚያልፈው። እንዲያ የሆነ ሰው ዘፈን አይዘፍን፣ ሚስጥር አያወጣ፤ እህ ማለት እንኳ አይችልም። ሐኪሙ የጠቆረውን አንጀት ቆርጦ አውጥቶ ጤነኛውን ገጠመው። እኔ ትንፋሹን ስሰጠው ዋልኩ። የአባቴ አፍንጫ ነበር ያለው፤ ያንን ለማየት ጊዜ የሰጠኝ ያ ቀን ነው፣ አልወደድኩትም።

ቱቦውን ሳወጣ፣ ቀጥሎም እያቃሰተ እስኪነቃ ከጎኑ ነበርኩ። አንዲት የረባ ቃል አልወጣችውም። ስወጣ ታላቅ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምን አለ?»

«ምንም። አፉ ውስጥ ቱቦ ነበር፣ ምን ሊል ኖሯል?»

«ሰማሽው፣ ደበቅሽው!»

«እንዴ፣ አልተናገረም እያልኩህ!»

«ደመ ቀዝቃዛ» አለኝ፣ ያ ሁሉ አስታማሚ እየሰማ። «የአባትሽን ገዳይ አድነሽ ወጣሽ። ከእንግዲህ እህት የለኝም።» መሬት ላይ ምራቁን እንትፍ ብሎ ሄደ። ታናሹ ተከተለው። እኔም ጮኼ ልሰድበው አፌን ከፍቼ የአጎቴን ልጆች ሳይ ዘጋሁት። እየመረቁኝ ነበር፤ ምርቃታቸው ከወንድሜ ምራቅ ባሰብኝ።

እሱ ዳነ። ጥቂት ቀናት አለፉና ትኩሳቱ ወረደ፣ አጥሚት መጠጣት ጀመረ። ወደ ክፍሉ ብቅ ባልኩ ቁጥር ዓይኑ ይከተለኛል። አንድ ከሰዓት ልጆቹን ዳቦ ግዙ ብሎ አስወጣና በሩን እንድዘጋ በእጁ ጠቆመኝ።

«ምን አልኩ?» አለኝ።

ምንም አላሉም ማለት እችል ነበር። አላልኩም። የጉሉኮሱን ጠብታ እያየሁ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ረጅም አደረግኩት። ላቡ ግንባሩ ላይ ሲወጣ አየሁ።

«ሰምተሽኛል እንግዲህ» አለ።

«የቀረውን ይጨርሱት» አልኩት።

አለቀሰ ብል ደስ ባለኝ፤ አላለቀሰም። እንደ ደከመው ሰው ተናገረ። «ማዶ ቆሜ ነበር። ወንዙ ሞልቷል። በቅሎዋ መሀል ላይ ተንሸራተተችበትና ወደቀ። ቅርንጫፍ ይዞ በልጅነት ስሜ ጠራኝ፣ ያንን ስም ከእሱ በቀር የሚያውቀው የለም። መጫኛ ትከሻዬ ላይ ነበር፣ ረጅም የጠፍር ገመድ፣ ይደርስለት ነበር። ፈታሁት። ከዚያ መልሼ ጠቀለልኩት።»

«ለምን?»

«በድንበሩ ተናድጄ ነበር። ትንሽ ይጨነቅ፣ ከዚያ እጥልለታለሁ ብዬ ነው። ቅርንጫፉ ተሰበረ።» ዞሮ አየኝ። «ለወንድሞችሽ ነግረሻል?»

ያን ጊዜ ነው ጠጋ ብዬ የነገርኩት። በ«እርስዎ» ነገርኩት፣ አስተዳደጌን አልረሳሁም። «ለማንም አልነገርኩም፤ የምነግረው አልነበረኝምና። ቀዶ ሕክምናው ላይ ጉሮሮዎ ውስጥ ቱቦ ነበር። አንዲት ቃል አልተናገሩም። እርስዎ የተናገሩት አሁን ነው፣ ነቅተው፣ ያለ ምንም መድኃኒት። ዓባይ ድረስ የወረዱት በከንቱ ነው።»

እጁ ቀስ እያለች ወደ ጉሮሮው ሄደች፤ እዚያው ያዘው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም። «አንቺ ሰይጣን» አለኝ። «ይሁን» አልኩት። እንዲያ በማድረጌ አንድ ቀን አልተጸጸትኩም፤ ሙያዬ አይፈቅደውም የሚለኝ ቢመጣም መጫኛውን እነግረዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። «እናቴ ፊት ቆመው ይናገሩት። ለእሷ ብቻ። እሷ ሚስጥር ትችላለች።» ከሆስፒታል ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፣ እናቴም ሞተች፣ አልነገራትም። ቀብሯ ላይ ከመቃብሩ ራቅ ብሎ ቆሞ አየሁትና እናቴ እንደምታየው አየሁት፣ ዞሮ እስኪሄድ። በኋላ እሱም በአልጋው ላይ ሞተ። ልጆቹ በተዝካሩ ላይ ላዳነችው ለእኔ ወንበር ከፊት አዘጋጅተው ነበር፤ አልሄድኩም።

ወንድሜ ዛሬም አያናግረኝም። ደሜ ቀዝቃዛ እንደሆነ፣ የአባቴን ገዳይ እንደሸፈንኩ ያምናል። የአጎቴ ልጆች ደግሞ በዚያው ድንበር ማዶ ያርሳሉ፤ እርሻ ሲዘገይባቸው ከወንድሜ ጋር በሬ ይዋዋሳሉ አሉ። አንድ ቃል ብናገር ወንድሜ እግሬ ላይ ወድቆ ይቅርታ ይለኛል፣ በማግስቱ ደግሞ በአጎቴ ልጆች ላይ ጠመንጃውን ከተሰቀለበት ያወርዳል። ስሙንም ወንዙንም ያልጠራሁት ለዚህ ነው። ወንድሜ ለገበያ ሞጣ ሲመጣ በቤቴ በር ላይ ፊቱን አዙሮ ያልፋል። እኔም በመስኮት አየዋለሁ፣ እበሳጫለሁ፣ ምን አባቱ እላለሁ። ይለፍ። በእግሩ እየሄደ ይለፍ።